ፋጉሎው ሳይመረመር የዓሣ ጫጩት አይታደል

ስለ ዓሣ እርባታ በተሰበሰብን ቁጥር የሚነሱት ኩሬ፣ ጫጩትና ገበያ ናቸው። መኖ ከተነሳም የሚወራው ስለ ዋጋው ነው፤ ስለ ሻጋታው የሚናገር የለም። እኔ ባቱ ከተማ ውስጥ የዓሣ መኖ እየፈጨሁና እየቀላቀልሁ ለአካባቢው አርቢዎች አቀርባለሁ፤ እንጀራዬ ይኸው ነው። ይህን የምጽፈውም ገበያዬን ለማሟሟቅ አይደለም። እንዲያውም የምጠይቀው ነገር መጀመሪያ ወጪ የሚያስወጣው እኔን ነው። ዝም ብንል ግን ከዓመት ዓመት እየከሰሩ ኩሬያቸውን የሚደፍኑት አርቢዎች ይበዛሉ።

“ይበላል፣ ግን አያድግም።” ከአርቢዎች ደጋግሜ የምሰማው አቤቱታ ይህ ነው። ቆሮሶው ወራት ተቀልቦ ከመዳፍ አያልፍም። መረብ ሲነካው ወይም ከኩሬ ወደ ኩሬ ሲዛወር ጤነኛ የመሰለው ሁሉ ተገልብጦ ይንሳፈፋል። ሆዱ ሲከፈት ጉበቱ ገርጥቶ ይገኛል፤ ጣት ሲነካውም ይፈረፈራል። ጥፋቱ መጀመሪያ በጫጩቱ ላይ ይላከካል፤ “ዘሩ ነው” ይባላል። ቀጥሎ ውኃው ይወቀሳል። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ቆሮሶ በኩሬ ውስጥ ያለ ልክ እየተራባ እርስ በርሱ መኖና ቦታ ስለሚሻማ በዚያም ምክንያት ይቀጭጫል። እንዲህ ዓይነት አቤቱታ ሲመጣ ግን እኔ አስቀድሜ የምጠይቀው ስለ ጆንያው ነው፦ መኖው ከየት ተገዛ? የት ተቀመጠ? ስንት ጊዜ ቆየ?

አስፐርጊለስ ፍላቨስ የሚባለው ሻጋታ በበቆሎ፣ በኦቾሎኒ፣ በጥጥ ፍሬና በኑግ ላይ ሲበቅል አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያመነጫል። መርዙ በዓይን አይታይም፣ በአፍንጫም አይለይም። ሻጋታው ተራግፎ፣ በፀሐይ ደርቆ፣ ተፈጭቶ ከዓይን ቢጠፋም መርዙ ባለበት ይቀራል፤ ማፍላትም አያስወግደውም። ስለዚህ “አስጥቼዋለሁ፣ አሁን ደህና ነው” የሚለው ማጽናኛ ለዓሣው ምንም አይፈይድለትም። ማስጣት የሚጠቅመው ሻጋታው ሳይበቅል በፊት ነው።

ዓለም ይህን መርዝ እንዲያውቅ ካደረጉት እንስሳት አንዱ ዓሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ አገር 100,000 ያህል ተርኪ የሚባሉት ትልልቅ ዶሮዎች ከብራዚል የመጣ የኦቾሎኒ ፋጉሎ በልተው አለቁ። በዚያው ሰሞን በአሜሪካ የዓሣ ማራቢያዎች ትራውት የተባለው ዓሣ በጉበት ካንሰር ተመታ፤ ምክንያቱ ሲፈለግ የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ላይ ተደረሰ። በኋላ በተደረጉት ሙከራዎች በአንድ ቶን መኖ ውስጥ ግማሽ ሚሊ ግራም የማይሞላ አፍላቶክሲን በትራውት ጉበት ላይ ዕጢ እንደሚያበቅል ታወቀ። ከዚያ ወዲህ በእነዚያ አገሮች ፋጉሎ ሳይመረመር ወደ ዓሣ መኖ ማስገባት የማይታሰብ ሆነ።

የእኛ ቆሮሶ እንደ ትራውት አይደለም፤ ጠንካራ ነው። አምባዛም እንዲሁ። ችግራችንን የሸፈነውም ይኸው ጥንካሬያቸው ይመስለኛል። ዓሣው በአንድ ሌሊት ቢያልቅ ኖሮ ሁላችንም በነቃን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት ቆሮሶ ለስምንት ሳምንት አፍላቶክሲን ያለበት መኖ ተመግቦ፣ በአንድ ኪሎ መኖ 0.25 ሚሊ ግራም ሲሆን ጉዳት አልታየበትም፤ 2.5 ሚሊ ግራም ሲደርስ ዕድገቱ ቀነሰ፣ ደሙም ሳሳ። ይህን ያነበበ ሰው “እንግዲያው በእኛ መኖ ውስጥ ያለው መጠን ምንም አያደርግም” ሊል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመውን ሌላ ጥናት ግን ላነሳ እወዳለሁ፤ የቆሮሶ ድቅል ዝርያ ለ20 ሳምንት የተመገበበትን ነው። በመጀመሪያዎቹ 10 ሳምንታት ምንም ልዩነት አልታየም። በ20ኛው ሳምንት ግን በአንድ ኪሎ መኖ 245 ማይክሮ ግራምና ከዚያ በላይ የተመገቡት ዓሦች ዕድገታቸው ቀነሰ፤ ጉበታቸውም ታወከ። 245 ማይክሮ ግራም ማለት 0.245 ሚሊ ግራም ነው፤ በስምንት ሳምንቱ ሙከራ ምንም አላደረገም የተባለው መጠን ያህል ማለት ነው። እኛ ደግሞ ቆሮሶ ለገበያ የምናደርሰው በስምንት ሳምንት ሳይሆን ከግማሽ ዓመት በላይ ቀልበን ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ጆንያ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት ለአዲስ አበባ ወተት በሚያቀርቡ አካባቢዎች 156 የመኖ ናሙናዎች ተመርምረው ነበር። በኑግ ፋጉሎ የተገኘው አፍላቶክሲን በኪሎ ከ290 እስከ 397 ማይክሮ ግራም ነው፤ በስንዴ ፉርሽካ ግን ከ9 እስከ 31 ብቻ። የአውሮፓ ኅብረት ለመኖ ጥሬ ዕቃ የፈቀደው ከፍተኛ መጠን 20 ማይክሮ ግራም ነው። ጥናቱ ስለ ላሞች መኖ ነው፤ ፋጉሎው ግን ያው ነው። የዓሣ ዱቄት ውድ ስለሆነ፣ የፕሮቲን ምንጭ ፈልጎ ገበያ የሚወጣ ዓሣ አርቢ የሚያገኘው የኑግ ፋጉሎ ነው። ብዙ አርቢዎች ደግሞ ፋጉሎና ፉርሽካ እኩል ለእኩል ደባልቀው ይበትናሉ። ፋጉሎው 397 ከያዘ ድብልቁ 200 አልፎ ጥቂት ይሆናል። ከ245 በታች ነው፤ ግን ቅርብ ነው። ከዚያ በኋላ ጆንያው በኩሬው ዳር ላስቲክ ለብሶ ሲቆይ ሻጋታው ሥራውን አያቆምም። በቆሎ ከተጨመረበትም ፉሞኒሲን የሚባለው ሌላው የሻጋታ መርዝ አብሮ ሊመጣ ይችላል፤ እሱም የቆሮሶን ዕድገት እንደሚቀንስ በሙከራ ታይቷል።

ፋጉሎው እንዴት ይበላሻል? ኑግ የሚታጨደው ኅዳርና ታኅሣሥ አካባቢ ነው፤ በጊዜው ከደረቀ ጥሩ ነው። ከዘይት መጭመቂያ የሚወጣው ፋጉሎ ትኩስ ነው። ሳይቀዘቅዝ ጆንያ ውስጥ ከታጨቀ ያልበውና እርጥበቱ እዚያው ታምቆ ይቀራል። ጆንያው ርብራብ ላይ ሳይሆን በባዶ መሬት፣ ግድግዳ ተደግፎ ይደረደራል። አንዳንዱ ነጋዴ ዋጋ ይጨምራል ብሎ ክረምቱን ያሳልፈዋል። ስገዛ የላይኛውን ጆንያ ማየት ትቻለሁ፤ የታችኛውን አስወጥቼ እጄን እስከ ወገቡ አስገባለሁ። ከሞቀኝ ወይም ከተጓጎለ አልወስድም። በትንሽ ገንዘብ የምትገዛ የእርጥበት መለኪያም ይዤ እዞራለሁ፤ ከ10 በመቶ በላይ ካነበበች እተወዋለሁ። ይሁንና ደረቅና ንጹሕ የመሰለ ፋጉሎ መርዝ የለውም ብሎ የሚምል ሰው ካለ አይታመን። መሳሪያዋ ዛሬ ያለውን እርጥበት እንጂ ባለፈው ሐምሌ የበቀለውን ሻጋታ አትነግረኝም።

ስለዚህ ምርመራ ያስፈልጋል። በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት የሚያሳዩ የመመርመሪያ ወረቀቶች በዓለም ገበያ አሉ፤ ለአንድ አርቢ ውድ ናቸው፣ ለአንድ ማኅበር ግን አይከብዱም። አንድ ነገር ላይ አደራ እላለሁ። መርዙ በፋጉሎው ውስጥ እኩል ተሰራጭቶ አይገኝም፤ አንዱ ጥግ ንጹሕ ሆኖ ሌላው ጥግ የተበከለ ይሆናል። ከአንድ ጆንያ አፍ አንድ እፍኝ ዘግኖ መመርመር ራስን ማታለል ነው። ከብዙ ጆንያ፣ ከላይም ከመሃልም ከታችም ተወስዶ፣ ተፈጭቶና ተደባልቆ ነው መመርመር ያለበት። መርዙን ይዞ ከአንጀት እንዳያልፍ የሚያደርግ ቤንቶናይት የሚባል የሸክላ አፈር እንዳለም አውቃለሁ፤ በእኛም አገር በአፋር ገዋኔ አካባቢ ይገኛል። አፍላቶክሲንን በደንብ ይይዛል፤ ፉሞኒሲንን ግን እንደዚያ አይዝም። ጥናት ተደርጎበት ቢቀርብ ደስ ይለኛል፤ የሻገተ ፋጉሎ ለመሸጥ ሽፋን እንዲሆን ግን አልፈልግም።

“ይህን በጋዜጣ ብታወጣው ሰው ዓሣ መብላት ያቆማል” ያሉኝ አሉ። ሰው ዓሣ መብላቱን ማቆም የለበትም። በጥናቶቹ መርዙ በዋናነት የተገኘው በጉበት ነው፤ እኛ የምንበላው ሥጋ የሚይዘው እጅግ ጥቂት ነው፣ ጉበቱም ከሆድ ዕቃው ጋር ይጣላል። በዚህ ጉዳይ ተጎጂው አስቀድሞ ዓሣው ነው፣ ቀጥሎ አርቢው። ለተመጋቢ የምሰጋው በሌላ መንገድ ነው። አንድ ከመቂ በኩል የመጡ አዛውንት የሻገተ ፋጉሎ አምጥተው አልፈጭም ስላቸው፣ “ልጄ፣ ግድ የለም፤ ላሚቱ ትበላዋለች” አሉኝ። ላሚቱ ስትበላው መርዙ መልኩን ለውጦ በወተቷ ይወጣል። ቀደም ብዬ ባነሳሁት ጥናት 110 የወተት ናሙናዎች ተመርምረው ሁሉም ነበረባቸው። ያንን ወተት የሚጠጡት ሕፃናት ናቸው።

በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ዓሣንም ስላካተተ ብዙ ኩሬዎች ተቆፍረዋል። ደስ ብሎኛል፤ ደንበኞቼም በዝተዋል። ጫጩት የሚያድሉ የወረዳና የክልል ጽሕፈት ቤቶች ግን ጫጩቱ ኩሬ ከመግባቱ በፊት የአካባቢው ፋጉሎ ይመርመር ብለው በበጀታቸው እንዲይዙት እጠይቃለሁ። የሰበታው የዓሣ ምርምር ማዕከል ለቆሮሶና ለአምባዛ መኖ የአፍላቶክሲን ጣሪያ አስጠንቶ ቢያወጣልን እኛ መኖ አዘጋጆች እንገዛበታለን። ማኅበራትም ከዘይት ጨማቂ ጋር ሲዋዋሉ ፋጉሎው ቀዝቅዞ እንዲታሸግና እርጥበቱ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ በውሉ ያስጽፉ።

ከሁሉ የሚከብደው ምርመራ የወደቀው ፋጉሎ ነገር ነው። ዛሬ እኔ ብመልሰው ነገ በቅናሽ ዋጋ ላም ወይም ዶሮ ላለው ይሸጣል፤ ነጋዴውም ገንዘቡን አይጥልም። ስለዚህ የወደቀው ጭነት በእንስሳት ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ ለጡብና ለሸክላ ምድጃ ማገዶ እንዲውል፣ የኪሳራው ከፊልም ምርመራውን ካዘዘው በጀት እንዲሸፈን ሐሳብ አቀርባለሁ። የእኔን ድርሻ ለመክፈል ዝግጁ ነኝ፤ ከሌሎቹ መኖ አዘጋጆችም ጋር ተነጋግረን ተስማምተናል።