የአበባው ሥርና የዛፉ ቅጠል
ለአልዛይመር ሕመምተኞች ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዱ፣ ጋላንታሚን፣ የተገኘው ከአበባ ነው። ስኖውድሮፕ የተባለው ይህ ነጭ አበባ በካውካሰስና በባልካን አገሮች ክረምቱ ሳይወጣ ያብባል፤ ንጥረ ነገሩም ሽንኩርት በሚመስለው ሥሩ ውስጥ አለ። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሶቪየትና የቡልጋሪያ ተመራማሪዎች ሲያጠኑት የታሰበው ለነርቭና ለጡንቻ ሕመም ነበር፤ አሜሪካ ለአልዛይመር የፈቀደችው በ2001 ነው። መድኃኒቱ በአንጎል ሴሎች መካከል መልእክት የሚያደርሰው አሴቲልኮሊን ቶሎ እንዳይፈርስ ይከላከላል፤ ስለዚህ ትውስታን ለጊዜው ይደግፋል እንጂ የሴሎቹን መሞት አያቆምም። ይህችም ትንሽ እፎይታ፣ የልጇ ስም ለሚጠፋባት እናት ቤተሰብ፣ ትልቅ ነገር ናት። የመርሳት በሽታን ይከላከላል ተብሎ በጊንኮ ዛፍ ቅጠል ላይ የተጣለው ተስፋ ግን ፈተናውን አላለፈም። በአሜሪካ 75 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው 3,069 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው፣ አንዱ ወገን 120 ሚሊ ግራም የጊንኮ ውህድ፣ ሌላው መድኃኒት የሌለበት ክኒን፣ በቀን ሁለት ጊዜ ለስድስት ዓመት ገደማ ወሰዱ። በ2008 ውጤቱ ሲታተም ከጊንኮ ወሳጆቹ 277፣ ከሌሎቹ 246 ሰዎች የመርሳት በሽታ ይዟቸው ተገኘ፤ ቅጠሉ በሽታውን አልተከላከለም። እንዲህም ሆኖ ጊንኮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በየመደብሩ መሸጡ አሳሳቢ ነው፤ በተለይ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ አረጋውያን ከጊንኮ ጋር ሲደርቡት ለመድማት ሊጋለጡ ስለሚችሉ፣ ከመጀመራቸው በፊት ለሐኪማቸው መንገር ይኖርባቸዋል።