ርእሰ አንቀጽ፦ ከመጨረሻው ፌርማታ ወዲያ

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስለ ገጠር ብዙ ይናገራል። በክርክር መድረክ፣ በመመረቂያ ጽሑፍ፣ በሻይ ቤት ወግ ሁሉ «ገበሬው» የሚለው ቃል ከአፋችን አይለይም። ነገር ግን ባለፉት ሦስት ወራት ውስጥ በገዛ ፈቃዱና በገዛ እግሩ ከከተማ ወጥቶ የእርሻ ድንበር ተከትሎ የሄደ ከመካከላችን ስንት ይገኛል? ይህን ጥያቄ የምናነሣው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። የመልሱን ማነስ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ መድኃኒቱ ግን ከምናስበው ይልቅ ቅርብ ስለ ሆነ ነው።

መድኃኒቱ የሚገኘው በታክሲና በአውቶቡስ መሥመር መጨረሻ ላይ ነው። አዲስ አበባ በተራራ የተከበበች ከተማ ናት። በሰሜን እንጦጦ፣ በምሥራቅ የካ፣ በምዕራብ ወጨጫ፣ በስተ ደቡብ ራቅ ብሎ ዝቋላ ይታያሉ። ተማሪ በኪሱ ባለችው የመሳፈሪያ ሳንቲም ከሦስት ሺሕ ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው ተራራ ሊደርስ የሚችልባቸው ዋና ከተማዎች በዓለም ላይ ብዙ አይደሉም። ይህን ሀብት ታቅፈን እሑድን ሙሉ በመኝታ ክፍል ስልክ ስናሻሽ መዋላችን ያሳዝናል።

የመጀመሪያውን ጉዞ ከስድስት ኪሎ እንጀምር። ታክሲው ሽሮ ሜዳ ያደርሳል፤ እግሩ የጠና ሰው ደግሞ እስከዚያም በእግሩ ይሄዳል። ከሸማኔዎቹና ከጥበብ ቀሚስ ሱቆች አልፎ ዳገቱን ከተያያዙት እንጦጦ ማርያም ይደረሳል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት በዚህች ቤተ ክርስቲያን ነው። ከዚያ በጋራው ጀርባ ወደ ራጉኤል የሚወስደውን መንገድ ተከትሎ መሄድ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክም በዚሁ ተራራ ላይ ይገኛል። በአንድ ወገን ከተማው እንዳለ ከእግር በታች ተዘርግቶ ይታያል፤ በሌላው ወገን የሱሉልታ ሜዳ አለ።

ሁለተኛው የየካ ጉዞ ነው። ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የከተማ ቀላል ባቡር በመገናኛ በኩል ያልፋል። ከዚያ ወደ ሰሜን ዳገቱን የወጣ ሰው ከአንድ አለት ተፈልፍሎ የተሠራውን ዋሻ ሚካኤልን ያገኛል። ላሊበላን ለማየት የአውሮፕላን ገንዘብ እስኪያገኝ ድረስ የሚጠብቅ ተማሪ፣ ከመኝታው ብዙም ሳይርቅ አለት ፈልፍለው ቤተ መቅደስ የሠሩ ሰዎች እንደ ነበሩ አለማወቁ የሚያስገርም ነው።

ሦስተኛው ረዘም ይላል። በቃሊቲ በኩል ወደ ቢሾፍቱ የሚሄድ መኪና ተሳፍሮ በማለዳ መነሣት ያስፈልጋል። የቢሾፍቱ፣ የሆራና የባቦጋያ ሐይቆች በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ በፈነዳበት ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀሙ ናቸው። የሥነ ምድር ተማሪ በሥዕል የሚያጠናውን ሁሉ በአፋፉ ዙሪያ ሲዞር በዓይኑ ያየዋል። ከዚያ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚታየው ዝቋላ ራሱ በአናቱ ላይ ሐይቅ ያለበት የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው። መጋቢት 5 እና ጥቅምት 5 ቀን የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ክብረ በዓል ሲውል ምእመናን ዳገቱን በእግራቸው ይወጡታል። ይህ ግን የአንድ ቀን ሽርሽር አይደለምና ስንቅና ማደሪያ ይፈልጋል።

እነዚህ ጉዞዎች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩ ናቸው። ለምሳሌ በአምቦ መንገድ ሃምሳ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው አዲስ ዓለም የተቆረቆረችው፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ የማገዶ እንጨት በማለቁ አዲስ መናገሻ እንድትሆን ታስባ ነበር። ከተማይቱ ከቦታዋ ሳትነቀል የቀረችው ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ በብዛት በመተከሉ ነው። ስለዚህ በእንጦጦ ጫካ ውስጥ የሚሄድ ሰው አዲስ አበባን በቦታዋ ባቆያት ዛፍ ጥላ ሥር እየሄደ ነው። ይህንን በክፍል ውስጥ ሰምቶ የረሳው፣ ሁለቱን ቦታዎች በእግሩ ካየ በኋላ አይረሳውም።

የእግር ጉዞ ግን ለማየት ደስ የሚለውን ብቻ አያሳይም። የእንጦጦን ቁልቁለት የሚወርድ ሰው የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው ወገባቸው የጎበጠ ሴቶች ያጋጥሙታል። ሸክሙ ብዙ ጊዜ ከሠላሳ ኪሎ በላይ ነው። የብዙዎቻችን እናቶች እንጀራ የጋገሩት በእንዲህ ያለ ማገዶ ነው። እንደዚሁም ከታክሲው መጨረሻ ወዲያ ትናንት ጤፍ ይዘራበት የነበረው ማሳ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ሆኖ ይገኛል። በዳር በዳሩ የቀረው ገበሬ ስለ ከተማ መስፋፋት ምን እንደሚያስብ ከመጽሐፍ ቤት ይልቅ እዚያው አጠገቡ ቆሞ መጠየቅ ይሻላል። ይህ ነው ጉዳያችን፤ የአየር መለወጫ ብቻ አይደለም።

ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች ገጠርን ያወቁበት መንገድ ሌላ ነበር። የካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው የተሰለፉት ከዚሁ ከተማ ነው። በዚያው ዓመት በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲሠራ ይላክ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ስልሳ ሺሕ ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። ያ ሁሉ በትእዛዝ የተደረገ ነው፤ ትርፉም ኪሳራውም ለታሪክ ይቆየን። እኛ የምንለው አገርን ለማወቅ የግድ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የእሑድ ጠዋትና ጠንካራ ጫማ ይበቃል ነው።

«ጊዜ የለንም» የሚሉ ወንድሞች አሉ። እንጦጦ በግማሽ ቀን ተወጥቶ ይወረዳል። «ገንዘብ የለንም» የሚሉም አሉ። በአገራችን በእግር መሄድ የድሀ ሥራ ተብሎ ስለሚናቅ ሽርሽር ማለት የመኪና ኪራይ ይመስለናል። ነገር ግን ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ በሮማ ጎዳና የሮጠው በባዶ እግሩ መሆኑን ያስታወሰ ሰው በእግሩ አያፍርም። ከሁሉ የሚከብደው የእኅቶቻችንና የጸጥታው ነገር ነው፤ ይህንንም አናቃልለውም። ብቻን ወደ ጫካ መግባት ለማንም አይበጅም። ስለ መንገዱ ሰላም አስቀድሞ የአካባቢውን ሰው መጠየቅ፣ ከስድስት ሰው ባላነሰ ቡድን መሄድ፣ የት እንደሚሄዱ ለቀረ ጓደኛ መንገር፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ወደ መኪናው መመለስ ያስፈልጋል። መንገዱ ሰላም በሌለበት ጊዜ ጉዞው ይቅር፤ ተራራው የትም አይሄድም።

ሥርዓትም አለው። ሰብል አይረገጥም፤ ውሻ በድንጋይ አይመታም፤ ሰው ሳያስፈቅዱ ፎቶግራፍ አይነሣም። አዛውንት ሲያጋጥሙ ቆሞ «እንደምን ዋሉ አባቴ፣ እንደምን ዋሉ እናቴ» ማለት ይገባል። ኦሮምኛ የሚያውቅ ጓደኛ ካለ እሱ ይቅደም፤ የማያውቅም «አከም» ብሎ ሰላምታውን ቢማር ከአዲስ አበባ በወጣ በመጀመሪያው ሰዓት ጥቅሙን ያየዋል። ፌስታልና የውሃ ፕላስቲክ በመጡበት ቦርሳ ይመለሱ።

ስለዚህ የሚከተለውን እናቀርባለን። አንደኛ፣ ማኅበራችን በየአሥራ አምስት ቀኑ እሑድ የሚወጣ የእግር ጉዞ ቡድን ያቋቁም፤ ወንድም ሴትም፣ የአንደኛ ዓመትም የመጨረሻ ዓመትም ያለበት ይሁን። ሁለተኛ፣ በየጉዞው መነሻ የሚሆነው መኪና ከየት እንደሚነሣና መመለሻው በስንት ሰዓት እንደሚያቆም በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ፤ አብዛኛው ተማሪ የሚቀረው ከስንፍና ይልቅ ይህን ባለማወቅ ነውና። ሦስተኛ፣ የምግብ ቤቱን ኃላፊዎች የምንለምነው አንድ ነገር አለ፤ ለተጓዥ ተማሪ የእሑድ ምሳው በዳቦና በእንቁላል ተለውጦ በማለዳ ይሰጠው። አራተኛ፣ የከተማው የትራንስፖርት ባለ ሥልጣኖች በእሑድ ጠዋት ወደ ተራራው ግርጌ የሚሄዱ አውቶቡሶችን ቁጥር እንዲያስቡበት ማኅበሩ በደብዳቤ ይጠይቅ። መኪና የሌለው ሕዝብ አገሩን የማየት መብቱ በአውቶቡስ መሥመር የሚወሰን ነው።

ክረምቱ ወጥቶ መስቀል ሲያልፍ ጋራው ሁሉ በአደይ አበባ ቢጫ ይሆናል። የመጀመሪያው ጉዞ በዚያ ሳምንት ቢሆን መልካም ነው። ስም የሚመዘገብበትን ወረቀት የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በሩ ላይ ይለጥፍ፤ እኛም ከመጀመሪያዎቹ ፈራሚዎች መካከል እንገኛለን።