የሩቅ መንግሥት ጥፋት በጎረቤት አይመካኝ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 5 ቀን 1918 በኢሊኖይ ግዛት፣ ኮሊንስቪል ከተማ አጠገብ ሮበርት ፕራገር የተባለ ጀርመናዊ ስደተኛ በአድመኞች ተሰቀለ። አሜሪካ በጀርመን ላይ ጦርነት ካወጀች አንድ ዓመት ሊሞላ አንድ ቀን ቀርቶት ነበር። ፕራገር የአሜሪካ ዜግነት ለማግኘት ያመለከተ የማዕድን ሠራተኛ ነበር። ሰላይ ስለመሆኑ አንዳች ማስረጃ አልቀረበበትም። በግድያው የተከሰሱት 11 ሰዎች ግን በነጻ ተለቀቁ።

ይህ ደም ሹማምንቱን ሊያስደነግጥ ሲገባ አላስደነገጠም። በቀጣዩ ወር የአዮዋ ግዛት ገዥ ዊልያም ሃርዲንግ በትምህርት ቤት፣ በባቡር፣ በስልክ፣ በሕዝብ ፊት በሚደረግ አምልኮ ሳይቀር ከእንግሊዝኛ ውጭ መነጋገርን ከለከሉ። እንግሊዝኛ የማይችሉ አዛውንት ምእመናን ስብከቱን በማያውቁት ቋንቋ እንዲሰሙ ተፈረደባቸው።

እርግጥ ነው፣ እውነተኛ ጥፋተኞች ነበሩ። በ1916 በኒው ጀርሲ ብላክ ቶም የነበረውን የጥይት መጋዘን ያፈነዱት የጀርመን ወኪሎች ናቸው። መንግሥት ሕዝቡን ከእንዲህ ያለ ጥቃት የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ሆኖም "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" እንዲሉ፣ አጥፊ የሚገኘው በምርመራ ነው። በጀርመንኛ የሚጸልይን ገበሬ መቅጣት አንድም ሰላይ አያስይዝም፤ ታማኙን ዜጋ ግን ባይተዋር ያደርገዋል።

ስህተቱን ፍርድ ቤት በከፊል አርሞታል። በነብራስካ ለአንድ ተማሪ በጀርመንኛ ንባብ በማስተማሩ 25 ዶላር የተቀጣው መምህር ሮበርት ማየር ጉዳዩን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አድርሶ በ1923 ተፈረደለት። ዛሬ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ለልጆቻቸው አማርኛ የሚያስተምሩት በዚያ ውሳኔ በጸናው መብት ነው። ለዚህ መብት ዋጋ የከፈሉት እነዚያ የጀርመን ተወላጆች መሆናቸው ሊታወቅ ይገባል።

የዚህ ጋዜጣ አቋም ግልጽ ነው። ጥፋት በግለሰብ ይጠየቃል፤ በትውልድ አገርና በቋንቋ አይጠየቅም። ጦርነት ይህን መርህ አይሽረውም፤ እንዲያውም ይበልጥ የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነው። ሕግ አውጪዎች ሕዝብን በጅምላ የሚፈርጅ ሕግ አያውጡ። ፖሊስና ፍርድ ቤት መንጋን አይፍሩ። በዚያ ዘመን ጥላቻውን ካራገቡት መካከል ጋዜጦች ነበሩና፣ እኛም የሙያ አጋሮቻችንም ያልተጣራ ጥርጣሬን እንደ ዜና ላለማተም ቃል እንግባ።