ለማስታገስ ምን ይጠበቃል?

የልብ ድካም ለጠናበት ሰው የስቃይ ማስታገሻ ሕክምና ይጀመርለት ሲባል ከሐኪሙም ከቤተሰቡም የሚሰማው መልስ አንድ ነው፦ «ገና ነው፤ እዚያ አልደረሰም።» ርኅራኄ ይመስላል፤ ነገር ግን ሕመምተኛውን ከነስቃዩ ማቆየት ነው።

ማስታገሻን ለመጨረሻው ሰዓት የማቆየቱ አስተሳሰብ የካንሰር ሕክምና ውርስ ነው። እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሲሲሊ ሳንደርስ እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ ለሞት የተቃረቡ ሕመምተኞች የሚታገዙበትን የሴንት ክሪስቶፈር ሆስፒስን ስትከፍት በብዛት የታከሙት የካንሰር ሕመምተኞች ነበሩ። ካንሰር ሲብስ ማሽቆልቆሉ ብዙ ጊዜ በግልጽ ይታያል። የልብ ድካም ግን አካሄዱ ሌላ ነው። ሕመምተኛው እግሩ አብጦ፣ ትንፋሹ ተቆራርጦ ድንገተኛ ክፍል ይገባል፤ ሽንት የሚያበዛው መድኃኒት ላሲክስ በደም ሥር ሲሰጠው ውሃው ይጎድልለትና በእግሩ ሄዶ ቤቱ ይገባል። ከወራት በኋላ ያው ይደገማል። የትኛው የመጨረሻው እንደሚሆን ሐኪሙም አያውቅም። «ጊዜው ሲደርስ» ማለት እንግዲህ ቀን የሌለው ቀጠሮ መስጠት ነው።

እስከዚያው ሕመምተኛው ጋደም ካለ ስለሚታፈን ትራስ ደራርቦ፣ ተቀምጦ ያነጋል። በቀጠሮው ዕለት ላሲክሱን ሳይውጥ ይወጣል፤ ታክሲ ውስጥ ሽንቱ ቢመጣ የት ይወርዳል? ወረፋውንስ ለማን ትቶ ይሄዳል? ሐኪሙ ፊት ሲቀርብ «መድኃኒትህን በአግባቡ አትወስድም» ተብሎ ይወቀሳል እንጂ ለምን ብሎ የሚጠይቀው የለም። በእኛ አገር ደግሞ ይህ የሽማግሌ ጣጣ ብቻ አይደለም። በልጅነት ከሚይዝ የጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብ ቫልቭን የሚያበላሸው የሩማቲክ የልብ በሽታ ገና ልጅ የሚያሳድጉ እናቶችን አልጋ ላይ ያውላል።

«ተስፋ ያስቆርጣል» የሚለው ክርክርም ሚዛን አይደፋም። በአሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ የልብ ድካም በጠናባቸው 150 ሕመምተኞች ላይ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ጥናት፣ በልብ ሕክምናቸው ላይ ማስታገሻው የተጨመረላቸው ኑሯቸው እንደተሻለ፣ ጭንቀታቸውና ድባቴያቸውም እንደቀለለ አሳይቷል። ተስፋ የሚያስቆርጠውስ ለልጆች በሹክሹክታ እየተነገረ ከሕመምተኛው ከራሱ የሚደበቀው ነገር ነው፤ እሱ ግን ከአስታማሚዎቹ ፊት ያነበዋል።

«ባለሙያ የለም» ለሚለው፣ እጥረቱ እውነት ነው። ቢሆንም እንቅልፉን፣ ትንፋሹንና ፍርሃቱን መጠየቅ፣ የኪኒኑንም ሰዓት ከቀጠሮው ጋር ማስማማት ልዩ ክፍል አይፈልግም፤ የክትትል ክሊኒኩ ነርስና ሐኪም ዛሬውኑ ሊጀምሩት ይችላሉ። ትንፋሽ አጥሮት ተቀምጦ የሚያነጋ ሰው ጊዜው ደርሷል።