አጥር ብቻ የበቀለበት መሬት

የጋይንት አገር ከተሞች ስማቸው ታሪካቸውን ይናገራል። ነፋስ መውጫ የቆመችበትን ብርዳም ከፍታ ትነግረናለች፤ አርብ ገበያ ደግሞ የተፈጠረችበትን ምክንያት። ገበሬው ሊሸጥ፣ ከተሜው ሊገዛ በሚገናኙበት ሜዳ የተወለዱ ከተሞች ናቸው። እንዲህ ከገበሬ ጉያ የወጣ ከተማ ከፎገራ ሜዳ፣ አንዳንዴም ከዚያ ከራቀ አገር በመኪና የሚመጣለትን አትክልት ቆሞ ሲጠብቅ ማየት ያሳዝነኛል።

ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ግን አጠገቡ ያለው መሬት ነው። በቆርቆሮ ወይም በእንጨት ታጥሮ የግንባታ ገንዘብ የሚጠብቅ ቦታ አለ፤ ከመሥሪያ ቤቱና ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ሣር የዋጠው ግቢ አለ። ባለቤቱ «መሬቱ የትም አይሄድም» ይላል። እውነቱን ነው፤ መሬቱ አይሄድም። የሚሄደው ክረምቱ ነው። ሦስት ዓመት ታጥሮ የቆየ ቦታ ሦስት ክረምት በልቷል፤ ያን ዝናብ የሚመልስ ባለሀብት የለም።

የምናገረው ስለ ጤፍና ስለ ስንዴ አይደለም። እህል ሰፊ ማሳ ይሻል፤ ሩቅ ቢጓዝም አይበላሽም፤ ስለዚህ ቦታው ገጠር ነው። አትክልት ግን ሌላ ነው። አብዛኛው ክብደቱ ውኃ ነው፤ በጉዞ ይጠወልጋል፣ ይበሰብሳል። ገዢው የሚከፍለው ለቅጠሉ ብቻ ሳይሆን ለነዳጁ፣ ለደላላውና መንገድ ላይ ተበላሽቶ ለተጣለው ጭምር ነው። የከተማ ግብርና ትርፉ ይህን ሁሉ ወጪ ማስቀረቱ ነው። ደጋው ጎመን፣ ድንች፣ ነጭ ሽንኩርትና ካሮት ያበቅላል፤ ማዳበሪያውም ከየበረቱ የሚወጣው ፍግና ከገበያ የሚጣለው ትራፊ ነው። ጓሮዋን የምታለማ እናት ከሁሉ ቀድማ የምታገኘው ገቢ ከመቀነቷ ሳይወጣ የቀረው ብር ነው።

የመንገድ ነገርም አለ። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ደርሶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህም በክልሉ በተነሣው ግጭት የመንገድ መዘጋት እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። ስማዳ፣ ላይ ጋይንትና ታች ጋይንት በ1997 ዓ.ም. የተጀመረውን የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ከሚያውቁት ወረዳዎች ናቸው። በእንዲህ ያለ አገር ከደጃፍ የሚቀጠፍ ጎመን ቅንጦት አይደለም፤ መንገድ በተዘጋ ቀን የልጆች ራት ነው።

«ሕጉስ?» የሚል ይኖራል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ለከተማ ግብርና እስከ 15 ዓመት የሚደርስ የሊዝ ዘመን መድቦ ነበር። ሐሳቡ ለሕጋችን እንግዳ አልነበረም ማለት ነው። የጎደለው አጭሩ ውል ነው። ባለይዞታው ባዶ ቦታውን ለጎረቤቱ የማይሰጠው በክፋት አይደለም፤ የዘራበት ሰው ነገ «የእኔ ነው» እንዳይል ስለሚፈራ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ የአንድ ወይም የሁለት ክረምት ውል ቢያዋውል፣ በውሉም ዛፍ መትከልንና ቤት መሥራትን ቢከለክል ፍርሃቱ ይወገዳል። ግንባታው በሚጀመርበት ሳምንት ጎመኑ ይነቀላል፤ ቤት ሠሪውም አይጎዳም።

አንድ ስጋት ግን እውነተኛ ነው፤ የውኃ ጉዳይ። በአዲስ አበባ በአቃቂ ወንዝ የሚለማው አትክልት ከፋብሪካና ከመኖሪያ ቤት በሚወጣ ፍሳሽ መበከሉ ለብዙ ዓመታት ሲያነጋግር ኖሯል። ትንንሾቹ ከተሞቻችን ከዚህ ተምረው በክረምቱ ዝናብና ከጣሪያ በሚጠራቀም ውኃ ቢጀምሩ ይሻላቸዋል። ልማቱ ትንሽ ይሆናል፤ ንጹሕ ግን ይሆናል።

የሃቫና ነዋሪዎች ሶቪየት ኅብረት በ1984 ዓ.ም. ፈርሳ ነዳጅና ማዳበሪያ በጠፋባቸው ጊዜ የከተማቸውን ባዶ ቦታዎች ወደ አትክልት ስፍራነት ለውጠዋል። እነርሱን ያስተማራቸው ችግር ነው። እኛም ችግር አላነሰንም፤ የቀረን አጥሩን ከፍቶ መግባት ነው።