ቁስሉ ከመሰፋቱ በፊት

የሕፃናት ሐኪም ሥራው ምን እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ክትባት ይሰጣል፤ ሕፃኑን ይመዝናል፤ ስለ አመጋገቡም እናቲቱን ይመክራል። ልጁ አድጎ የአሥራ ስድስት ዓመት ጐረምሳ ከሆነ በኋላ በጠብ በስለት ቢወጋ ግን፣ ነገሩ የፖሊስና የቀዶ ጥገና ሐኪም ነው እንላለን እንጂ በሕፃንነቱ ያየው ሐኪም ትዝ አይለንም። በዚህ ወር የምናነሣላችሁ ይህን አስተያየት ያልተቀበሉ ሐኪም ታሪክ ነው፤ እርሳቸውም በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ የሠሩት ዶክተር ሃዋርድ ስፒቫክ ናቸው።

ታሪኩን ለመረዳት ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ዲቦራ ፕሮትሮ ስቲዝ መጀመር ይገባል። እኚህ ሴት በ1970ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ገና የሕክምና ተማሪ ሳሉ፣ አንድ ሌሊት በጠብ የቆሰለ ወጣት ቁስሉን ሰፍተው ያሰናብታሉ። ወጣቱም ሊወጣ ሲል፣ ያቆሰለው ሰው ደግሞ ከአንድ ሰዓት በኋላ ለመሰፋት እዚያው እንደሚመጣ ነገራቸውና እንዳይተኙ አሳሰባቸው። ተማሪዋ ያሰቡት እንዲህ ነው፤ መርዝ ጠጥቶ የመጣ ሰው ቢሆን ኖሮ፣ ሆዱን አጥበው ብቻ አይሰዱትም፤ ዳግመኛ እንዳያደርገው ሳይጠይቁትና ሳይመክሩት ከሆስፒታል አይወጣም። ሊበቀል እንደሚሄድ በግልጥ የተናገረው ልጅ ግን ቁስሉ ተሰፍቶ በሩ ተከፈተለት።

በ1982 ሁለቱ ሐኪሞች በቦስተን ከተማ የጤና መሥሪያ ቤት ሥር የወጣቶችን ጠብ አስቀድሞ የመከላከል ሥራ ጀመሩ። በዚያን ጊዜ ብዙው ሰው ነገሩን የወንጀል እንጂ የጤና ጉዳይ አድርጎ አይመለከተውም ነበር። ሐኪሞቹ ግን ገዳይና ሟች አብዛኛውን ጊዜ የሚተዋወቁ ሰዎች መሆናቸውን፣ የሞቱም መነሻ ዝርፊያ ሳይሆን የቃል ክርክር መሆኑን፣ መጠጥና በእጅ ያለ መሣሪያም ክርክሩን ወደ ሞት እንደሚያደርሱት አስተዋሉ። መነሻው ክርክር ከሆነ ደግሞ ሊበርድ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ዐሥር ትምህርቶች ተዘጋጁ። በትምህርቱም ልጆቹ ስለ ተቈጡ አይገሠጹም፤ ቍጣ የሰው ሁሉ ጠባይ መሆኑ ይነገራቸዋል። ከዚያም በጠብ የሚገኘውን ጥቅምና የሚደርሰውን ጉዳት ራሳቸው ይዘረዝራሉ፤ የጉዳቱም ዝርዝር ይረዝማል።

ዶክተር ስፒቫክ ነገሩን ወደ ሕፃናት ሐኪሞች አመጡት። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ስለዚሁ ጉዳይ ያቋቋመውን ኮሚቴ በሊቀ መንበርነት መሩ፤ አካዳሚውም በ1999 ባወጣው መግለጫ፣ ሐኪሙ ስለ ክትባት እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ ወላጆች ልጁን በምን እንደሚቀጡት፣ ቤት ውስጥ ጠመንጃ መኖሩንና የት እንደሚቀመጥ፣ ልጁ ቴሌቪዥን ምን ያህል እንደሚያይ፣ በቤቱም ውስጥ ድብደባ እንዳለና እንደሌለ እንዲጠይቅ መከረ።

አንባቢዎቻችን ሆይ፣ እነዚህ ጥያቄዎች ለእኛ ቢቀርቡልን ምን እንመልስ ነበር? ከሁሉ የሚከብደን ምናልባት ሐኪሞቹን በቦስተን ያጋጠማቸው ነገር ሳይሆን አይቀርም፤ ይኸውም ልጁን «ከመታህ ምታው» ብሎ የሚያስተምረው የገዛ ወላጁ መሆኑ ነው። ልጃችን ፊቱ ተቧጭሮ እያለቀሰ ከትምህርት ቤት ሲመጣ «አንተስ እጅ የለህም?» ያላልን ስንቶች ነን? እኛም ብለናል። ያልነውም ልጁ እንዳይናቅብን ሳስተን እንጂ ክፉ አስበን አይደለም። ነገር ግን በማግሥቱ በኪሱ ምን ይዞ እንደሚወጣ አልጠየቅንም።

ፍሬውስ ምን ሆነ? በ1990 በቦስተን ከተማ 152 ሰዎች ተገድለው ነበር፤ በ1999 ቍጥሩ 31 ሆነ። ከ1995 አጋማሽ ጀምሮ ከሁለት ዓመት በላይ፣ ዕድሜው ከ17 ዓመት በታች የሆነ አንድ ልጅ እንኳ በጥይት አልተገደለም። ለዚህ ሁሉ የሚመሰገኑት ሐኪሞቹ ብቻ ናቸው ብንል ግን ሐሰት ይሆንብናል። ፖሊሶችም አሠራራቸውን ለውጠዋል። በ1992 በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በቀብር ጸሎት ላይ ጠብ ተነሥቶ ደም ከፈሰሰ በኋላም፣ የከተማይቱ ፓስተሮች ሌሊት ሌሊት መንገድ ለመንገድ እየዞሩ ጐረምሶቹን ማነጋገር ጀመሩ። ሁለቱ ሐኪሞች ራሳቸው በ2004 ባሳተሙት መጽሐፍ ሥራው የብዙ ሰዎች መሆኑን ገልጠዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላም የሟቾቹ ቍጥር እንደገና ከፍ አለ፤ በየዓመቱ አዲስ ጐረምሳ ይደርሳልና።

ዶክተር ስፒቫክ በኋላ በአትላንታ ወደሚገኘው የአሜሪካ መንግሥት የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማእከል ሄደው ጥቃትን የሚከላከለውን ክፍል መርተዋል። የሕፃናት ሐኪሞቹም አካዳሚ በ2005 ልጆችን ከጠብ ስለ መጠበቅ ለወላጆች የሚታደሉ ትንንሽ ጽሑፎች አወጣ። የመጀመሪያዎቹ ለጐረምሳ ወላጅ የተጻፉ አይደሉም፤ ገና የሚጠባ ሕፃን ለያዘች እናት የተጻፉ ናቸው።