አሮጌ የገጠር መኪና ከፍ ስለ ማድረግና ስለ ባሌስትራው ምርጫ

ክቡራን የወረዳ ሹማምንትና ባለ እርሻዎች ሆይ፤

ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ከብት በሽታ ብዙ ተጽፏል። ዘሩንም መድኃኒቱንም ከመጋዘን ወስዶ እስከ ገበሬው ደጅ ስለሚያደርሰው መኪና ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። ዕድሜው ሠላሳ ዓመት ያለፈው ላንድ ክሩዘርና ላንድ ሮቨር ግን በገጠሩ መንገድ ዛሬም አገልግሎቱን አላቋረጠም። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ «መኪናችን ከፍ ይደረግልን» የሚል ደብዳቤ በጠረጴዛዬ ላይ እየበዛ ስለ መጣ፣ እኔ መካኒክ ባልሆንም፣ በዓይኔ ያየሁትንና የማምንበትን ለመናገር ደፈርሁ።

አሳቤ ይህ ነው፤ ባሌስትራ የሚመረጠው በሚሸከመው ጭነት ነው እንጂ በሚሰጠው ቁመት አይደለም። ቁመቱም ለወረዳ ሥራ ከ5 ሳንቲሜትር ባያልፍ እወዳለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ መኪናው ሲሠራ ጀምሮ ዝቅተኛ እንደ ሆነ ወይስ እርጅና አጎንብሶት እንደ ሆነ መለየት ይገባል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1984 በጃፓን የተሠራው ባለ 40 ቁጥር ላንድ ክሩዘር፣ ከ1980 እስከ 1990 የተሠራውም ባለ 60 ቁጥር፣ እንዲሁም ከ1948 እስከ 1985 የተሠራው የጥንቱ ላንድ ሮቨር፣ በፊትም በኋላም በባሌስትራ ላይ የቆሙ ናቸው። ይህ ተደራርቦ የታሰረ ብረት ለብዙ ዘመን ኩንታል ሲጫንበት ይደክማል፤ ቅስቱም ይጠፋል። ስለዚህ መኪናውን በለጥ ያለ ሜዳ ላይ አቁሞ፣ ከቸርኬው እምብርት እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ርቀት በአራቱም ጎማ መለካት ነው። ከመሬት ጀምሮ የሚለካ ሰው ይሳሳታል፤ የጎማው እልቀትና የነፋሱ ማነስ ልኩን ያዛባበታልና። ግራና ቀኙ ተለያይቶ ከተገኘ፣ ወይም ባሌስትራው ቀጥ ብሎ ወይም ወደ ታች ተቀልብሶ ከታየ፣ መኪናው የሚያስፈልገው ከፍታ ሳይሆን የቀድሞ ቁመቱ መመለስ ነው። ወደ እኔ ከመጡት ጥያቄዎች እኩሌታው ያህል በዚህ ብቻ ያልቅ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ነገር ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። አዲስ ባሌስትራ ሻንሲውንና አካሉን ከፍ ያደርጋል፤ መኪናው ወደ ጉድባ ሲወርድ አፍንጫው፣ ሲወጣም ጅራቱ እንዳይመታ ይረዳል። ነገር ግን በአክስሉ መካከል ያለው የዲፈረንሻሉ ቆብ ከአክስሉ ጋር በጎማዎቹ ላይ የቆመ ስለሆነ፣ ሻንሲው አንድ ክንድ ከፍ ቢል እንኳ እርሱ ከነበረበት ቦታ አንዲት ጣት አይነሣም። እርሱን የሚያነሣው የጎማው ትልቅነት ብቻ ነው፤ ያውም በእኩሌታ ነው፤ ጎማው ከዳር እስከ ዳር 5 ሳንቲሜትር ቢጨምር፣ ዲፈረንሻሉ 2.5 ሳንቲሜትር ይነሣል። በፎገራ ወይም በበቾ ሜዳ በክረምት የሄደ ሰው እንደሚያውቀው፣ በዋልካ አፈር ላይ መኪና የሚቀረው ብዙ ጊዜ ጎማው ጥርሱን ጨርሶ ሲንሸራተት ወይም ዲፈረንሻሉ በመንገዱ መካከል ባለው ጉብታ ላይ ሲቀመጥ ነው። በዚህ ጊዜ ከፍ ያለው አካል ምንም አይረዳም። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ እኔ ለጎማው አስቀድም ነበር። በሻንሲውና በአካሉ መካከል ድንጋይ መሰል ማስቀመጫ እያስገቡ ከፍ ማድረግ ግን የባሰ ነው፤ የበቅሎዋን ሆድ ከጭቃ ለማውጣት ኮርቻዋን ከፍ እንደ ማድረግ ያለ ነገር ነው።

ወደ ጭነቱ ልመለስ። መልካም ሠሪዎች ባሌስትራቸውን በጭነት ይለያሉ፤ ለምሳሌ ኦልድ ማን ኢሙ የተባለው የአውስትራሊያ ሥራ ለአንድ ዓይነት መኪና ልዩ ልዩ ብርታት ያለው ባሌስትራ ያቀርባል፤ አንዱ ባዶውን ለሚሄድ፣ ሌላው ዘወትር ለሚጫን ነው። «ዘወትር» የሚለውን ቃል ልብ ይሏል። በዓመት ሁለት ጊዜ ማዳበሪያ የሚጭን፣ በቀረው ጊዜ ግን ሹፌሩንና አንድ የእርሻ ባለሙያ ብቻ ይዞ የሚዞር መኪና፣ ከባዱን ባሌስትራ ሊያደርግ አይገባውም። ባዶውን ሲሄድ እንደ ድንጋይ ይነጥራል፤ ጎማው ከመሬት እየለቀቀ ፍሬኑ አይይዝም፤ አሮጌውም ሻንሲ ይሰነጠቃል። በሌላው ወገን ደግሞ በየቀኑ የውሃ በርሜልና ዘር የሚጭነው በቀላሉ ባሌስትራ ቢቆም፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ተመልሶ ይተኛል። እንግዲህ መኪናው እንደ ዘወትሩ ተጭኖ፣ ሰዎቹም ተቀምጠውበት፣ ወደ ከባድ መኪና ሚዛን ሄዶ የፊቱና የኋላው አክስል ለየብቻ ይመዘን። ይህ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ከማንኛውም ነጋዴ ምክር ይበልጣል።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ስለ ደረሰብኝ ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ የደጋ ወረዳ ባለ 40 ቁጥር መኪና ነበረን። ስሙን የማልጠራው ጋራዥ በርካሽ ከፍ አደረገልን፤ በፊት በኩል የባሌስትራው ጫፍ የሚንጠለጠልበትን ብረት ረጅም አድርጎ ለወጠ፤ በኋላም በኩል እንዲሁ በርካሽ ዘዴ ከፍ አደረገው። መኪናው ግርማ ሞገስ አገኘ፤ እኛም ደስ አለን። ከዚያም 6 ኩንታል የስንዴ ዘር ጭነን ወደ ቆላው ስንወርድ፣ ሹፌራችን ከመጀመሪያው ጠመዝማዛ በኋላ «ጌታዬ፣ መሪው አይመለስም» አለኝ። በዚህ መኪና የፊቱ ማንጠልጠያ በባሌስትራው ፊተኛ ጫፍ ስለሆነ፣ ሲረዝም አክስሉን ወደ ፊት ያዞረዋል፤ መሪው ከተጠመዘዘ በኋላ በራሱ ወደ ቀጥታው የሚመለስበት ዘንበልታ ይጠፋል። ይህን ያወቅሁት ግን በኋላ ነው። ጥቂት እንደ ወረድን የኋላው አክስል በአንድ ቦይ ውስጥ ሲወድቅ፣ ማንም ያላረዘመው የፍሬን ጎማ ቱቦ ተወጥሮ ተበጠሰ። የዚያ ዘመን ፍሬን አንድ መሥመር ብቻ ስለነበረው ፔዳሉ እስከ ወለሉ ወረደ። ሹፌሩ በከባዱ ካምቢዮ ይዞ መኪናውን ከገደሉ ወገን ሳይሆን ከተራራው ወገን አስጠጋው። ሰው አልሞተም። ዘሩ ግን ከ11 ቀን በኋላ ደረሰ፤ ገበሬዎቹም ዝናብ እንዳያልፋቸው ፈርተው ያረጀ ዘራቸውን ዘርተው አገኘናቸው። መኪናውን ከፍ ያስደረግነው እኮ ዘሩን ፈጥነን ለማድረስ ነበር።

እንዲህ ያለው ርካሽ ዘዴ ዛሬም አልቀረም። ረጅም ማንጠልጠያ፣ ከፊት አክስል ላይ የሚገባ ጉቶ፣ ከወደቀ ከባድ መኪና የተወሰደ አንድ ብረት በባሌስትራው መካከል መጨመር፣ ወይም የተኛውን ባሌስትራ በአንጥረኛ እሳት አግሎ ማቅሰት፣ አራቱንም አልወዳቸውም። የአንጥረኛውን እጅ መናቄ አይደለም፤ ማረሻችንን የሚሠራልን እርሱ ነው። ነገር ግን የባሌስትራ ብረት በልኩ ሙቀት ግሎ፣ በልኩ ካልቀዘቀዘና እንደገና ካልለሰለሰ ብርታቱን ያጣል፤ ቅስቱም ጥቂት ወራት አይቆይም፤ ወይም ይሰበራል።

ከ1999 ወዲህ የተሠራው ከባዱ ባለ 70 ቁጥር ላንድ ክሩዘር በፊቱ ሞላ ስላለው ነገሩ ጥቂት ይለያል። ሞላው ሲረዝም የመሪው ዘንበልታ ይቀንሳልና፣ እርሱን የሚያስተካክል ቦኮላ አብሮ ይገዛ። አክስሉን በወርዱ የሚይዘው ዘንግም አክስሉን ወደ አንድ ጎን ስለሚስበው ርዝመቱ መታረም አለበት።

ስለ መገልበጥም ጥቂት ልናገር። የጎማዎቹ ስፋት 140 ሳንቲሜትር፣ የክብደቱ መካከል ከመሬት 75 ሳንቲሜትር ነው ብንል፣ የቆመ መኪና የሚገለበጠው ወደ ጎን 43 ዲግሪ ያህል ሲያዘነብል ነው። የክብደቱ መካከል 10 ሳንቲሜትር ከፍ ቢል ወደ 39.5 ይወርዳል። ይህ በወረቀት ላይ ነው፤ መኪናው ሲሮጥ፣ ጎማውና ባሌስትራው ሲተኙ፣ ከጣሪያውም ላይ ጆንያ ሲጫን ከዚህ እጅግ ያነሰ ዝንባሌ ይበቃል። በየወረዳው ከጣሪያ ላይ ስለሚጫነው ነገር መቼም ሁላችሁ ታውቃላችሁ።

ሥራው ካለቀ በኋላ ሹማምንት ራሳቸው ቆመው ሊያዩት የሚገባ አንድ ፈተና አለ። ሻንሲው በክሪክ ተነሥቶ ጎማዎቹ እስኪንጠለጠሉ ድረስ ይያዝ፤ በዚያን ጊዜ የፍሬኑ ቱቦ እንዳይወጠር፣ አሞርዛተሩም ከባሌስትራው በፊት ርዝመቱን እንዳይጨርስ፣ ክሮቼራውም ተጣሞ እንዳይነክስ ይታይ። አሞርዛተሩ ለአዲሱ ባሌስትራ የተመደበው ይሁን፤ አሮጌው አይመለስ። አክስሉን ከባሌስትራው ጋር የሚያስሩት የታጠፉ ብሎኖች አዲስ ይሁኑ። የቦኮላዎቹ ብሎኖች በመጨረሻ የሚጠብቁት መኪናው በጎማው ቆሞ ሳለ ነው። ከ500 ኪሎሜትር በኋላም ዳዶው ሁሉ እንደገና ይጥበቅ፤ የመብራቱም አቅጣጫ ዝቅ ይደረግ።

ወደ ፊት ለግዥ የምትጽፉት ደብዳቤ «10 ሳንቲሜትር ከፍ ይበል» ባይል ደስ ይለኛል። የመኪናውን ዓይነትና የተሠራበትን ዓመት፣ የፊቱንና የኋላውን አክስል ክብደት በኪሎ፣ በአራቱም ጎማ የተለካውን ቁመት፣ የጎማውን ቁጥር፣ መኪናው በወር ስንት ቀን ተጭኖ ስንት ቀን ባዶውን እንደሚሄድ ይግለጽ። ሹፌሩም ከሹሙ ፊርማ በታች ይፈርም፤ መሪውን የሚይዘው እርሱ ነውና።